የመሪው ቃልና የተመልካቹ ዓይን በካይሮ ቤተ መዘክር

ጥንታዊ ነገር የሚጠበቅበት ቤት ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያ ግንበኛው በደንጊያና በኖራ ያቆመዋል፤ ሁለተኛም እንግዳውን እየመራ የሚያሳየው ሰው በቃሉ ያቆመዋል። የፊተኛው ሕንጻ ባለበት ይኖራል፤ የኋለኛው ግን ጧት በአንዱ መሪ አንደበት ተሠርቶ ከቀትር በኋላ በሌላው አንደበት ይፈርሳል። መጽሐፍ የጻፈ በጻፈው እንደሚመረመር፥ ቅኔ የዘረፈም በዘረፈው እንደሚመዘን፥ ቤተ መዘክርን እየዞረ የሚያሳይ ሰውም በሚያሳይበት ሥርዓት ሊመዘን ይገባዋል። የእርሱም ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ አለውና፤ የሚጠራውን ይመርጣል፥ የሚዘለውን ይዘላል፤ በመረጠውና በዘለለው መካከልም እንግዳው ስለ አንድ ሕዝብ ይዞት የሚሄደው አሳብ ይወለዳል።

ለዚህ ምርመራ በካይሮ ከተማ በታሕሪር አደባባይ ካለው የግብጽ ቤተ መዘክር የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በግብጽ ምድር የጥንቱን ዕቃ ሰብስቦ የማኖር አሳብ ከ1835 ጀምሮ ነበረ። ዳሩ ግን ያ የመጀመሪያው ስብስብ ከጠባቂ ይልቅ ሰጪ ስለ በዛበት ጥቂት በጥቂት ተመናመነ፤ የቀረውም በ1855 ለኦስትሪያው መስፍን ለማክሲሚልያን በገጸ በረከት ተሰጥቶ ወደ ውጭ አገር ወጣ፥ ዛሬም በቪየና ይገኛል። ከዚህ በኋላ በ1858 ሙሴ ኦጉስት ማርየት የተባሉ ፈረንሳዊ የጥንታዊ ቅርስ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኑ፤ በ1863ም በቡላቅ በወንዙ ዳር ቤተ መዘክር ተከፈተ። በ1878 ግን የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ዓባይ ሞልቶ ወደ ቤቱ ገባና ከተሰበሰበው ብዙውን አበላሸ። ስብስቡ በ1890 ወደ ጊዛ፥ ወደ ኬዲቭ እስማኤል ቤተ መንግሥት ተዛወረ። ዛሬ በታሕሪር የቆመው ቤት ሙሴ ማርሴል ዱርኞን በነደፉት ንድፍ ተሠርቶ ኖቬምበር 15 ቀን 1902 ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ሹም የነበሩት ሙሴ ጋስቶን ማስፐሮም ለእንግዶች የመሪ መጽሐፍ ስለ ጻፉ፥ ቤቱና የመሪው ቃል አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

እንግዳው ወደ ውስጥ ሳይገባ ገና በደጅ ሳለ ቤቱ መናገር ይጀምራል። በፊቱ ግንብ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ በላቲን ቋንቋ ነው፤ በዚያም የአውሮፓ ሊቃውንት ስም በተርታ ተቀርጾ ይታያል። የግብጻዊ ሊቅ ስም ግን ከመካከላቸው አንድ እንኳ የለም። በአገሩ አፈር ላይ የቆመ፥ የአገሩን አባቶች ሥራ የያዘ ቤት የአገሩ ሰው በማያነበው ቋንቋ መናገሩ ትንሽ ነገር አይደለም። በአትክልቱ ስፍራ ማርየት ተቀብረዋል፤ በመቃብራቸውም ዙሪያ የሌሎች ሊቃውንት የራስ ምስል ቆሟል። ከነዚህም መካከል በኋላ ዘመን የግብጻውያኑ የአሕመድ ካማል፥ የሰሊም ሐሰንና የላቢብ ሐበሺ ምስል ተጨመረ። አሕመድ ካማል በ1851 ተወልዶ በ1923 የሞተ፥ የአባቶቹን ጽሑፍ ለወገኖቹ ለማስተማር ዕድሜውን ሁሉ የደከመ ሰው ነው። ብልህ መሪ ጉብኝቱን ከዚህ ይጀምራል፤ ግንቡ የረሳውን አትክልቱ እንዴት እንዳስታወሰ ያሳያል። ብዙዎቹ መሪዎች ግን ይህን ስፍራ ፎቶግራፍ የሚነሡበት ማረፊያ ብቻ ያደርጉታል።

በውስጥ ያለው ሥርዓት ግልጽ ነው። ከመግቢያው ወደ ግራ ታጥፎ ምድር ቤቱን የሚዞር ሰው ከጥንቱ መንግሥት ወደ መካከለኛው፥ ከመካከለኛውም ወደ አዲሱ መንግሥት፥ ከዚያም ወደ ግሪኮችና ወደ ሮማውያን ዘመን ይደርሳል። በአንድ ዙር ከሦስት ሺሕ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ይታለፋል። ይህ ሥርዓት ለትምህርት መልካም ነው፤ ጉድለቱ ግን ሥራውን ሁሉ የነገሥታት ዝርዝር ማስረጃ ያደርገዋል። ሐውልቱ ስለ ራሱ ከመናገር ይልቅ የዘመን ምልክት ይሆናል፥ እንግዳውም ደንጊያውን ትቶ ቍጥሩን ይዞ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ሥርዓት ንባብ ከትርጓሜ ይቀድማል። ንባቡን ያላደላደለ ደቀ መዝሙር ወደ ትርጓሜው ቢቸኵል መምህሩ ይመልሰዋል፤ ያልተነበበ ነገር አይተረጐምምና። በቤተ መዘክርም ሕጉ ይኸው ነው። ዓይን አስቀድሞ ያነባል፥ ቃል በኋላ ይተረጕማል። የካይሮው ጉብኝት የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም ሚዛን ይህ ነው።

በመግቢያው አዳራሽ የንጉሥ ናርሜር ሰሌዳ የሚባለው ደንጊያ አለ። ቁመቱ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፥ የተሠራውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ ነው። በአንደኛው ፊት ንጉሡ የላይኛውን ግብጽ ነጭ ዘውድ ደፍቶ ዱላ አንሥቶ ጠላቱን ሊመታ ይታያል፤ በሁለተኛው ፊት ቀዩን ዘውድ ደፍቶ ራሳቸው በተቆረጠ ሬሳዎች ፊት ይራመዳል። መሪው እንግዶቹ ገና ሳይጠጉ «ይህ የሁለቱ ግብጽ አንድ መሆን ታሪክ ነው» ብሎ ይጨርሳል። ሊቃውንቱ ግን ሥዕሉ የሆነውን ጦርነት የሚተርክ ነው ወይስ የንጉሥነትን ሥርዓት የሚያሳይ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከዚህም በቀር አንድ ነገር ሳይታይ ይቀራል። በሁለተኛው ፊት የሁለት አውሬዎች ረጅም አንገት ተጠማዞ መካከሉ ክብ ጐድጓዳ ሆኗል፤ ይህም የዓይን ኩል የሚፈጭበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ይህ የድል ምስል የተቀረጸው በኩል መፍጫ መልክ ነው። ይህን በዓይኑ ያገኘ እንግዳ ስለ ንጉሥና ስለ ሥርዓት፥ ስለ ኃይልና ስለ ጌጥ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል፤ ፍርዱን ቀድሞ የሰማው ግን የሚጠይቀው የለውም።

የካፍራ ሐውልት ደግሞ መሪው በእግሩ ሊያስተምር የሚገባው ነው። ካፍራ በጊዛ የሁለተኛው ፒራሚድ ባለቤት ነው፤ ማርየትም ሐውልቱን በ1860 በዚያው በጊዛ አገኙት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ነው። ደንጊያው የመጣው እጅግ ሩቅ ከሆነ ስፍራ፥ በደቡብ ከአቡ ሲምበል በስተ ምዕራብ ካለው በረሃ ነው፤ ብረት ባልተለመደበት ዘመን ደንጊያን በደንጊያ እየቀጠቀጡ፥ በአሸዋም እየፈተጉ አለሰለሱት። በፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚያየው ንጉሡን ብቻ ነው፤ ፊቱ ጸጥ ያለ፥ እጁ በጉልበቱ ላይ ያረፈ። ተመልካቹ ወደ ጎን አልፎ ሲሄድ ግን ከንጉሡ ራስ በስተ ኋላ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ አንገቱን አቅፎት ያያል። ቀራጺው ይህን በብልሃት ሠርቶታል፤ ንጉሡ በሕዝቡ ፊት ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል፥ በስተ ኋላው ግን እንደ አምልኮታቸው ጠባቂ አለው። መሪው «ከኋላው ጭልፊት አለ» ብሎ ቢናገር ወሬ ነው፤ እንግዶቹን ዝም ብሎ ወደ ጎን ቢወስዳቸው ግን ትምህርት ነው።

ስለ ዓይን ቀዳሚነት ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክርነት የሰጡት ማንበብ የማያውቁ ቆፋሪዎች ናቸው። በሳቃራ በ1860 ከሾላ እንጨት የተሠራ፥ ቦርጩ የገፋ፥ ራሱ የተላጨ ሰው ምስል ከአሸዋ በወጣ ጊዜ ሠራተኞቹ «ሼኽ አል በለድ» ብለው ጮኹ፤ በአማርኛ «ጭቃ ሹም» እንደ ማለት ነው። የራሳቸውን መንደር ሹም መስሏቸው ነበርና። የሰውየው ስም ካዐፔር እንደ ሆነ በሊቃውንቱ ይታወቃል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው ቆፋሪዎቹ ባወጡለት ስም ነው። አርባ አምስት መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ የቆየ እንጨት በአንድ አፍታ ዕውቅ ሰው ሆኖ ተነሣ። ከዚህ የበለጠ ሒስ በየትኛውም የመሪ መጽሐፍ አይገኝም፤ ቀራጺው የሠራው ማዕረግን ሳይሆን ሰውን እንደ ሆነ በአንድ ቃል ተናግረዋልና። መሪው እዚህ ሲደርስ አንድ ነገር መጨመር ይገባዋል፤ የያዘው በትር አዲስ ነው፥ የእግሩም ታችኛ ክፍል ታድሷል። የታደሰውን ከጥንቱ ለይቶ መንገር የሥራውን ክብር አይቀንሰውም፤ እምነትን ያጸናል እንጂ።

እንደዚሁም በ1871 በመይዱም የተገኙት የራሆቴፕና የሚስቱ የኖፍሬት ምስሎች አሉ። የሰውየው ገላ በቀይ ቡናማ፥ የሴቲቱም በፈዛዛ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ዓይኖቻቸው ከሚያበራ ደንጊያ ስለ ተሠሩ ሕያው ይመስላሉ። መቃብሩን አስቀድሞ የገባው ሠራተኛ በሻማ ብርሃን እነዚያን ዓይኖች ባየ ጊዜ ደንግጦ እንደ ሸሸ ይነገራል። እዚህ ላይ ለሒስ የሚገባ ትልቅ ነገር አለ። እነዚህ ምስሎች የተሠሩት ለተመልካች አልነበረም፤ በተዘጋ ክፍል፥ በጨለማ እንዲቀመጡ ነበር እንጂ። የዛሬው ሰው በመስተዋት ውስጥ፥ በመብራት ሥር የሚያየው ሠሪው ማንም አያየውም ብሎ የሠራውን ነው። ማንም በማያየው ነገር ላይ ይህን ያህል ትጋት ማዋል ምን ዓይነት አሳብ ነው? ጉብኝቱ ይህን ጥያቄ ካላነሣ፥ ከቤቱ ዋናውን ነገር ሳያሳይ አለፈ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስለው የኩፉ ምስል ነው። ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው ንጉሥ፥ ስሙ የተጻፈበትና ሙሉ ሆኖ የተገኘው ምስሉ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ፥ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ የሆነ ነው። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1903 በአቢዶስ ሲያስቆፍሩ በመጀመሪያ ያለ ራስ ተገኘ፤ እርሳቸውም አፈሩን በወንፊት እያስነፉ ብዙ ቀን አስፈልገው ራሱን አገኙ። መሪዎች ሁሉ የፒራሚዱን ታላቅነትና የምስሉን ታናሽነት አነጻጽረው እንግዳውን ያስቃሉ። ንጽጽሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብሎ ፊቱን የሚያይ ጥቂት ነው። ያ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ፊት ግን የተቆጣና የጸና ነው፤ ቀራጺው በዚያች ጠባብ ስፍራ የንጉሥን ግርማ አስገብቷል።

ከዚህ ቀጥሎ የመሪዎች ዋና ስሕተት ሊነገር ይገባል። ይኸውም ክብደትን፥ ዋጋንና አስደናቂ ወሬን በጥበብ ስፍራ መተካት ነው። የቱት አንክ አሙን መቃብር ኖቬምበር 4 ቀን 1922 በሃዋርድ ካርተር ከተገኘ ወዲህ ብዙ ጉብኝት በወርቅ ጀምሮ በወርቅ ያልቅ ነበር፤ የሌላው ክፍል ሁሉ ወደ ወርቁ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ሆኖ ነበር። በዚህም ላይ የፈርዖን እርግማን የሚባለው ተረት ይታከላል። ወጪውን የሸፈኑት ሎርድ ካርናርቮን በኤፕሪል 1923 መሞታቸው ይወሳል፤ መቃብሩን በእጁ የከፈተው ካርተር ግን እስከ 1939 መኖሩ አይወሳም። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን መዋጥ ማስጎብኘት አይባልም፤ በእንግዳው የዋህነት መነገድ ነው።

እንግዲህ ዘመኑ ራሱ ለዚህ ስሕተት ፈተና አመጣበት። ኤፕሪል 3 ቀን 2021 በመድኃኒት ደርቀው የተጠበቁ የ22 ነገሥታትና ንግሥታት በድኖች በታላቅ ሰልፍ በፉስጣጥ ወዳለው ወደ አዲሱ የሥልጣኔ ቤተ መዘክር ተወሰዱ። የቱት አንክ አሙንም ዕቃ፥ የወርቁ ጭንብል ጭምር፥ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ወደ ተሠራውና በኖቬምበር 2025 ወደ ተመረቀው ታላቅ ቤተ መዘክር ሄደ። ብዙ ሰዎች «እንግዲህ በታሕሪር ምን ቀረ?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ቤቱን ሳይሆን እስከ ዛሬ የነበረውን ጉብኝት የሚከስ ነው። መሪው ለብዙ ዓመት ስለ ወርቅ ብቻ ተናግሮ ከነበረ፥ ወርቁ በሄደ ጊዜ አንደበቱ ባዶ ቢሆን ምን ያስደንቃል? ወርቅ ለሚሻም ቢሆን በታኒስ የተገኘው የንጉሥ ፕሱሰኔስ ሀብት ነበረ፤ ፒየር ሞንቴ በ1940 መቃብሩን ሲከፍቱ ዓለም በጦርነት ላይ ስለ ነበረ ያን ያህል ዝና ሳያገኝ ቀረ። ዝና የሥራ ሚዛን እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የበድኖቹ መሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በፕሬዚዳንት ሳዳት ዘመን ለሙታን ክብር ሲባል ክፍሉ ተዘግቶ ነበረ፤ በ1994 ግን እንደ ገና ተከፈተ። ሐውልት የተሠራ ነገር ነው፥ በድን ግን ሰው ነው። መሪው በካፍራ ሐውልት ፊት የሚናገርበት ድምፅና በአንድ ሰው ሬሳ ፊት የሚናገርበት ድምፅ አንድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከሁለቱ አንዱን አላወቀም ማለት ነው።

ለተማረ ተመልካች፥ ይልቁንም ለኢትዮጵያዊ፥ ከዚህ ስብስብ ሦስት ነገሮች ከወርቅ ይበልጣሉ። የመጀመሪያው ፔትሪ በ1896 በቴቤስ ያገኙት የፈርዖን ሜርኔፕታህ ሐውልተ ጽሑፍ ነው። ቁመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ በመጨረሻውም ክፍል የእስራኤል ስም አለበት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ ይህን ስም ያለ ጥርጥር የሚያነሣ ከዚህ የሚቀድም አልታወቀም። ከስሙም ጋራ የተጻፈው ምልክት የአገር ሳይሆን የሕዝብ ምልክት ነው። ፈርዖኑ ጠፋ ብሎ ያስጻፈው ሕዝብ ስሙ የተጠበቀው በዚያው በፈርዖኑ ትምክሕት መሆኑ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ሁለተኛው በ1862 በጀበል ባርካል የተገኘው የኩሽ ንጉሥ የፒዬ ጽሑፍ ነው፤ ኩሽ የግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚጠራው አገር ነው። ፒዬ ከደቡብ መጥቶ ግብጽን ድል ባደረገ ጊዜ በጠላቱ ጋጥ የተራቡ ፈረሶች አይቶ፥ ከተቃወመው ክፉ ሥራ ሁሉ ይልቅ የፈረሶቹ ረኀብ እንዳሳዘነው ጽሑፉ ይናገራል። ሦስተኛው ከንግሥት ሐትሼፕሱት መቅደስ የመጣው፥ የፑንት ሹም ፓራሁና ሚስቱ አቲ የተቀረጹበት ደንጊያ ነው። ፑንት ዕጣንና ከርቤ የሚገኝበት አገር ነበረ። በ2020 እና በ2023 የታተሙ ምርምሮች ግብጻውያን አድርቀው ያኖሯቸውን ዝንጀሮዎች መርምረው መነሻቸው በቀይ ባሕር ደቡብ፥ በኤርትራና በኢትዮጵያ አቅጣጫ እንደ ሆነ አመልክተዋል፤ የኋለኛው ምርምርም ፑንትን ከአዱሊስ ወደብ አካባቢ ጋራ አያይዞታል። እነዚህን ሦስቱን የሚዘል ጉብኝት ግብጽን ብቻዋን የተፈጠረች ደሴት ያስመስላታል፤ የሚያሳያቸው ግን ጎረቤት እንደ ነበራት፥ እንደ ተዋጋች፥ እንደ ነገደች፥ እንደ ተሸነፈችም ያስረዳል።

ለመሪዎቹም ጥብቅና ሊቆምላቸው ይገባል። ከመቶ የሚበልጡ ክፍሎች በሁለት ሰዓት አይታዩም፤ እንግዳው ከመንገድ ደክሞ ይመጣል፥ ሙቀቱም ያዳክመዋል። ወርቅ ማየት የሚሻ ሰው ጥበብ አይወድም ማለትም አይደለም፤ በወርቁ ላይ የደከመው አንጥረኛ የካፍራን ደንጊያ ካለሰለሰው ጠራቢ አያንስም። ነገር ግን ጊዜ ማነስ ለመቸኰል ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ለመምረጥ ነው እንጂ። ሠላሳ ዕቃ እየጠሩ ከማለፍ አምስቱን ዞሮ፥ ጎንበስ ብሎ፥ ዝም ብሎ ማየት ይሻላል። ከቃላት ሁሉ መሪው በጥቂቱ የሚጠቀምበት ዝምታን ነው፤ ዝምታውን የሚያበዛም መሪ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል።

በጃንዋሪ 28 ቀን 2011፥ ከተማው በታወከ ሌሊት፥ ዘራፊዎች ወደዚህ ቤት ገብተው ከዕቃው ሰርቀዋል፥ ሰብረዋልም። በዚያን ጊዜ ተራ የከተማው ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በቤቱ ዙሪያ ቆሙ። በላቲን የተጻፈው ግንብ ያላሰባቸው የአገሩ ልጆች ቤቱን በገላቸው አጠሩት። የጉብኝት ሥርዓት ሁሉ መጨረሻው ይህ ሊሆን ይገባል፤ እንግዳው ሲወጣ የነገሥታቱን ስም ቢረሳ እንኳ፥ ያየው ነገር ሊጠበቅ የሚገባው መሆኑን በልቡ ይዞ እንዲወጣ። እንዲህ ያለውን ፍቅር ደግሞ ክብደትና ዋጋ መቍጠር አይወልደውም፤ የሚወልደው ዓይን ያነበበውን ቃል በእውነት ሲተረጕመው ነው።